ርካሽ መስመር ከማውጣትህ በፊት ታወሩ የማን እንደሆነ ጠይቅ

ዲሲ አካባቢ አዲስ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ የመጀመሪያ ሳምንት ፕሮግራሙ የታወቀ ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ባንክ፣ መታወቂያ፣ መሀል ላይ ደሞ ስልክ። ስልኩ ሁሌም "በቃ ርካሹን አውጡለት" ተብሎ ነው የሚታለፈው። ምክንያትም አለው፣ ክሬዲት የሌለው ሰው ትልልቆቹ ጋ ሄዶ በየወሩ ቢል የሚመጣበት መስመር ላውጣ ቢል ዲፖዚት ሊጠይቁት ይችላሉ፣ ቀድሞ የሚከፈለው ፕሪፔይድ ግን ሲም ገዝተህ ማስገባት ብቻ ነው፣ ክሬዲትህን የሚያይ የለም። ዋጋውም ያው ነው፣ ትልልቆቹ ጋ ለአንድ ሰው አንሊሚትድ (ገደብ የሌለው) የሚባለው በወር 70 እና 80 ዶላር አካባቢ ሲሄድ ርካሾቹ ጋ ከ15 ተነስቶ እስከ 30 ምናምን ነው። ልዩነቱ በዓመት ሲደመር ለአዲስ መጪ ቀልድ አይደለም፣ እናት ጋ የሚላክ ብር ነው።

ታዲያ እኔ ሳልፈልግ የቤተሰቡ የስልክ አማካሪ ሆኛለሁ። በቅርቡ ዲቪ ደርሶት የመጣ የአክስቴ ልጅ "ጋሼ፣ የትኛው ኔትወርክ ነው አሪፉ?" አለኝ። እኔ ደሞ "የት ነው የምታድረው? ስራህስ የት ነው?" ስለው ያላገጥኩበት መሰለው። ግን መልሱ እኮ እዛ ላይ ነው ያለው፣ አሪፍ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ አንተ ባለህበት ቦታ፣ አንተ በምትፈልግበት ሰዓት የሚሰራ ኔትወርክ ነው ያለው።

አልፈርድበትም ደሞ። እኛ ያደግነው ምርጫ በሌለበት ነው። ስልክ አገራችን ከገባበት ከ1894 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በየጊዜው ስሙ ይቀያየራል እንጂ ቴሌ አንድ ነው፣ ሳፋሪኮም በ2022 ኦክቶበር ላይ በይፋ ስራ እስኪጀምር ድረስ ማለት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ለጎረቤትም ጠፋ፣ ለሚኒስትሩም ጠፋ፣ "ኔትወርክ የለም" ብሎ ስልኩን ኪስ መክተት ነው። እዚህ ግን እኔ እና አንተ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን የኔ ይሰራል ያንተ አይሰራም። ይሄን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ የርካሽ መስመሩ ስም ብዙ ነው፣ ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ አገር አቀፍ ታወር ዘርግቶ ሁሉንም የሚሸከመው ግን በዋናነት ሶስት ካምፓኒ ነው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲኤንድቲ እና ቲሞባይል። ስፕሪንት የሚባል አራተኛ ነበር፣ በ2020 ቲሞባይል ዋጠው። ሌላው አብዛኛው ሙሉ ቤት ከተከራየ ሰው ላይ አንድ ክፍል የተከራየ ማለት ነው፣ በሩ ላይ የራሱን ስም ይለጥፋል እንጂ ግድግዳው የሱ አይደለም። ክሪኬት ከ2014 ጀምሮ የኤቲኤንድቲ ነው። ሜትሮ የቲሞባይል ነው፣ ሚንትም በ2024 ቲሞባይል ገዝቶታል፣ ከመጀመሪያውም በሱ ታወር ላይ ነበር። ቪዚብል የቬራይዘን ነው፣ ዋልማርት ላይ የምናያቸው ትራክፎንና ስትሬይት ቶክም በ2021 መጨረሻ ወደ ቬራይዘን ገብተዋል። የቤት ኢንተርኔት ከኮምካስት ያለው ሰው የሚያወጣው ኤክስፊኒቲ ሞባይልም ቬራይዘን ላይ ነው የሚሰራው። ዩኤስ ሞባይል ደሞ ከሶስቱ አንዱን ምረጥ ይልሃል፣ ስሞቹን የራሱ ስም አውጥቶላቸዋል እንጂ ከጀርባ ያው ሶስቱ ናቸው።

ስለዚህ "ሚንት ይሻላል ክሪኬት?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው "እኔ ሰፈር ቲሞባይል ይሻላል ኤቲኤንድቲ?" እያለ ነው። ያንን ከመለስክ ግማሹ አለቀ። ግማሹ ብቻ።

እንዴት ይመለሳል? አብዛኛው ሰው የካምፓኒውን ድረገጽ ከፍቶ ካርታው ላይ ዚፕ ኮዱን ያስገባና በቀለም የተሞላ አሜሪካ አይቶ ይዘጋዋል። ሶስቱም ካርታ ላይ እኛ አካባቢ ያለው ቦታ በሙሉ ቀለም ነው፣ ምንም አይነግርህም። ካርታው እኮ ሰው ስልክ ይዞ ዞሮ ለክቶት አይደለም የተቀባው፣ ታወሩ እዚህ ነው፣ ጉልበቱ ይሄን ያህል ነው፣ ተራራው እዚህ ጋ ነው ተብሎ በኮምፒውተር የተሰላ ግምት ነው። መንግስት ራሱ አንዴ ተናዶ አይቶታል፣ የገጠር ኔትወርክ ድጎማ የት ይስጥ እንደሆነ ለመወሰን ካምፓኒዎቹ ባስገቡት ካርታ ላይ ጥርጣሬ ሲገባው ኤፍሲሲ (የፌደራል መገናኛ ኮሚሽኑ) የራሱን ሰዎች መኪና አስነስቶ አስለካ፣ በ2019 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ካርታው ይደርሳል ያለውን ትንሹን ፍጥነት ያገኙት ከሙከራዎቹ 62 በመቶ አካባቢ ላይ ብቻ ነበር። ቀለም ማመን እንዲህ ነው።

ከዛ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ኤፍሲሲ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የራሱ ብሮድባንድ ካርታ አለው፣ አድራሻህን ታስገባለህ፣ ሞባይል የሚለውን ትመርጣለህ፣ እያንዳንዱን ካምፓኒ በትናንሽ ባለ ስድስት ጎን ቁርጥራጭ ያሳይሃል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የርካሹን ካምፓኒ ስም እዛ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ታወር ያለው ብቻ ነው የተመዘገበው፣ ስለዚህ አከራዩን ነው የምትፈልጉት። ሁለተኛ፣ ካርታው ሁለት አይነት ነው፣ ውጪ ቆመህ እና መኪና ውስጥ ሆነህ። ቤት ውስጥ የሚል የለም! ቤዝመንት (ምድር ቤት) የሚልማ እርሱት። ግማሹ አበሻ የሚጀምረው ደሞ ቤዝመንት ነው።

የቤዝመንትን ነገር ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ካርታው ላይ ሞልቶ ቤቱ ውስጥ የሚቸገረው እዛ ነው። ዝቅ ያለ ፍሪክዌንሲ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይበሳል፣ ከፍ ያለው ደሞ ፍጥነቱ ጉድ ነው ግን ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል። ቲሞባይል ሩቅ የሚሄድለት 600 ሜጋኸርዝ ነው፣ ባንድ 71 የሚባለው፣ ቬራይዘንና ኤቲኤንድቲ ደሞ 700 እና 850 አካባቢ አላቸው። አሁን ማስታወቂያው ላይ የሚጮሁበት ፈጣኑ 5ጂ ግን በብዛት ከ2500 በላይ ነው፣ ውጪ ጓሮ ላይ ቆመህ ስትለካው ትደነቃለህ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የድሮ የጡብ ቤቶች ስር፣ ያቺ በአፈሩ ልክ ያለች ትንሽ መስኮት ያለችበት ክፍል ስትገባ ስልኩ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፣ ዝቅተኛው ደሞ ሰፈሩ በሙሉ የሚጋፋበት ነው። እዚህ ላይ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚባለው ነገር ያድናል፣ ሴቲንግ ውስጥ አብሩት፣ ጥሪው በቤቱ ኢንተርኔት ይሄዳል ማለት ነው። ሲበራ የ911 አድራሻ ይጠይቃል፣ ቤት በቀየራችሁ ቁጥር እሱንም ቀይሩት፣ አምቡላንሱ ድሮ የነበራችሁበት ቤት እንዳይሄድ። ርካሹ መስመር ባንተ ስልክ ላይ ዋይፋይ ኮሊንግ መስራት አለመስራቱን ደሞ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ፣ በተለይ አንድሮይድ ከሆነ ሁሉም ላይ አይሰራም።

እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ የአበሻ ክርክር አለ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አዲስ አበባ ማታ ሊሆን ሲል በቴሌግራም ወይ በዋትስአፕ እናት ጋ ይደወላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ "እማዬ፣ ኔትወርካችሁ አስቸጋሪ ነው!" "አይ ልጄ፣ እኛ ጋ ደህና ነው፣ ያንተ ነው እንጂ።" አሜሪካ ያለው ሰው ጥፋቱ ከአዲስ አበባ ነው ብሎ ምሎ ይገዘታል፣ ደረጃውን ወጥቶ በረንዳ ላይ ቢቆም ግን ድምፁ ይጠራል። እናት ትክክል ናት።

ወደ ርካሹ ልመለስና፣ አከራዩ አንድ ከሆነ ተከራዩም እኩል ይደርሳል ብሎ ማሰብ የሚያስኬደው ከተማ ውስጥ ነው። ከከተማ ስትወጣ ሌላ ነው። ከእህቴ ባል ጋር ቤተሰቡን ይዘን ሴኔካ ሮክስ ሄደን ነበር፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ በሀይዌይ 66 ወጥተህ 81ን ተሻግረህ ተራራው ውስጥ ትገባለህ። እሱ በሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ትልቁ ካምፓኒ ጋ ነው፣ እኔ ደሞ በዛው ታወር ላይ የተከራየ ርካሽ ነው ያለኝ፣ ሁሌ ይከራከረኛል፣ "አንድ ታወር አይደለም እንዴ፣ እኔ ለምን እጥፍ እከፍላለሁ" እያለ። ተራራው ውስጥ ትንሽ እንደገባን የኔ ስልክ ከላይ "ኤስኦኤስ" ብሎ ጻፈ፣ የሱ ደሞ የማናውቀው ሌላ ካምፓኒ ስም አውጥቶ ባር አለው፣ ልጆቹ ዩትዩብ ባይከፍቱም ሜሴጅ ይሄዳል። ለካ ትልቁ ካምፓኒ የራሱ ታወር በሌለበት ከሌላ ጋር ተስማምቶ ደንበኞቹን ያሳድራል፣ አገር ውስጥ ሮሚንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ይሄን ብዙዎቹ ርካሾች ወይ አይሰጡም ወይ በቁራጭ ነው የሚሰጡት። ትልቁ ድረገጹ ላይ የሚቀባው ቀለም ያንን ሮሚንግም ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአከራዩን ካርታ አይታችሁ ስትጨርሱ የተከራዩን የራሱን ካርታም ክፈቱ፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ቀለሙ የት ጋ እንደጎደለ ፈልጉ።

"ኤስኦኤስ" የሚለው ጽሑፍ ራሱ መረጃ ነው በነገራችን ላይ። ያንተ ኔትወርክ የለም፣ ግን 911 ብትደውል የሚቀበልህ የሌላ ካምፓኒ ታወር አለ ማለት ነው። የምትመላለስበት መንገድ ላይ ሁሌ እሱን የምታይ ከሆነ አንዱ ሌላ ኔትወርክ እዛ ይሰራል፣ ሌላ ኔትወርክ ያለው ሰው አሳፍረህ የትኛው እንደሆነ ማየት ነው።

ትንሽ አልፈን ግን የሱም ጠፋ፣ የሁላችንም። እሱ ደሞ የራሱ ታሪክ አለው፣ ያ አካባቢ ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና ተብሎ የተከለለ ነው፣ 13,000 ስኩዌር ማይል፣ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ላይ። ግሪን ባንክ ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚመጣውን ስስ ድምፅ እንዲሰማ ታወር እንደልብ አይተከልም፣ የሚተከለውም ከቴሌስኮፑ ጋር ተነጋግሮ አቅጣጫውና ጉልበቱ ተወስኖ ነው። ትራክ የምትነዱ ወገኖች፣ እዛ ውስጥ ስትገቡ የትኛውንም ካምፓኒ አትሳደቡ፣ ካርታችሁን ቀድማችሁ ኦፍላይን አውርዱ፣ ዲስፓቸሩንም "ትንሽ ሰዓት እጠፋለሁ" በሉት። በአጠቃላይ ታወር ለማይደርስበት ቦታ አሁን ቲሞባይል ከስታርሊንክ ጋር በ2025 የጀመረው የሳተላይት ሜሴጅ አለ፣ የሌላ ካምፓኒ ደንበኛም ከፍሎ መጠቀም ይችላል፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ያወራሁት መድረስ አለመድረሱን ነው። ለኔ ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም፣ ከተማ ውስጥ ለምንኖር በተለይ። ዋናው ወረፋው ነው።

ዳላስ ኤርፖርት (ቴክሳሱ አይደለም፣ ቨርጂኒያው) ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ሰዎች የሚጠብቁበት ፓርኪንግ አለ፣ ሄዳችሁ ካያችሁት ግማሹ አማርኛ ነው የሚያወራው። መኪናው ሁሉ ተደርድሮ፣ ሁሉም ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ሰክቶ፣ አንዱ ዩትዩብ ላይ ዜና፣ አንዱ ቲክቶክ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቪዲዮ ኮል፣ ሁሉም ከአንድ ታወር። አንድ ጓደኛዬ ባር ሞልቶለት አፑ ግን ይሽከረከራል ይሽከረከራል፣ ጥሪው ሲመጣ ሳያየው ጊዜው ያልፋል። አጠገቡ ያለው ሰውዬ በዛው ኔትወርክ፣ ግን ከትልቁ ካምፓኒ በውድ ፕላን፣ ምንም አልሆነም። ጓደኛዬ ስልኩ ተበላሽቶ መስሎት ሊቀይር ነበር።

ስልኩ ምንም አልሆነም። ታወሩ ሲጨናነቅ ዳታ የሚያድለው በወረፋ ነው፣ ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ መስመር የሚሰጠው ቁጥር አለ፣ ባለሙያዎቹ ኪውሲአይ ይሉታል፣ ለተራ ዳታ ከ6 እስከ 9 ባለው ነው የሚሄደው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀድመህ ትስተናገዳለህ። አብዛኛው ርካሽ መስመር ወደ ኋላ ነው የሚሰለፈው። ታወሩ ባዶ ሲሆን ምንም ልዩነት የለውም፣ ሌሊት ላይ ለክተህ "ከትልቁ እኩል ነው!" ትላለህ፣ ሲጨናነቅ ግን ያስታውቃል። የቪዚብል ትንሹ ፕላን ሁሌም ከኋላ ነው፣ ፕላስ የሚለው ላይ ከፍ ሲል ወደፊት ይመጣል፣ በአንድ ካምፓኒ ውስጥ ማለት ነው። ቬራይዘን ራሱ ጋ እንኳ ትንሹ አንሊሚትድ ፕላን የሚይዘው ሰው ሲጨናነቅ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ስለዚህ "ትልቁ ጋ ገባሁ" ማለት ብቻውን ዋስትና አይደለም፣ የፕላኑን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ነው፣ "ፕሪሚየም ዳታ" ወይ "ፕራዮሪቲ ዳታ" የሚል ስንት ጊጋ እንዳለው፣ ወይስ "ሲጨናነቅ ሊቀንስ ይችላል" የሚለው ከመጀመሪያው ጊጋ ጀምሮ እንደሆነ።

ይሄን መለየት ቀላል ነው። ባር ከሌለ ችግሩ መድረስ ነው፣ ኔትወርክ ቀይር። ባር ሞልቶ ምንም ካልከፈተ ችግሩ ወረፋ ነው፣ ኔትወርክ ሳይሆን ፕላን ቀይር። ጁላይ ላይ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሄዳችሁ የምታውቁ ይሄ ይገባችኋል፣ ስታዲየሙ ከተማ ውስጥ ነው፣ ባር አራት ነው፣ ግን ሁሉም አበሻ ላይቭ ሊገባ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ጓደኛህን "የት ጋ ነህ" ያልክበት ሜሴጅ ማታ ሆቴል ስትገባ ነው የሚደርሰው።

ባሩ ራሱ ደሞ አትመኑት፣ ሁሉም ስልክ በራሱ መንገድ ነው የሚቆጥረው። ትክክለኛው ቁጥር ዲቢኤም የሚባለው የሲግናሉ ጉልበት መለኪያ ነው፣ ኔጌቲቭ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ስለ ስልኩ የሚለው ውስጥ ሲም ስታተስ ጋ ታገኙታላችሁ፣ አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ስትደውሉ ይመጣል። ኔጌቲቭ 85 አካባቢ ከሆነ ሰላም ነው፣ ኔጌቲቭ 110 ሲያልፍ መቆራረጥ ይጀምራል፣ 120 ላይ በቃ የለም በሉት። አልጋችሁ ጋ፣ ኪችን ጋ፣ የስራ ቦታችሁ ብሬክ ሩም ውስጥ እዩት።

የአክስቴን ልጅ ነገር ረሳሁት። እሱ ጭራሽ ይዞት የመጣው ስልክ ነው ችግሩ፣ ቴክኖ ነው፣ አዲስ ነው፣ ካሜራው ከኔ ይሻላል። ግን አሜሪካ 3ጂ በ2022 ተዘግቶ አልቋል፣ አሁን የድምፅ ጥሪ የሚሄደው በዋናነት በ4ጂው በኩል ነው፣ ስልኩ ለዛ ኔትወርክ የተፈቀደ ካልሆነ ዳታ ቢሰራም መደወል እምቢ ሊል ይችላል። ኤቲኤንድቲማ የሚቀበላቸውን ስልኮች ዝርዝር አውጥቶ የሌለበትን አይቀበልም፣ ለአፍሪካ ገበያ የተሰሩ ብዙ ስልኮች ደሞ እዚህ ሩቅ የሚሄዱትን ባንዶች አሟልተው አይዙም። *#06# ብሎ የስልኩን መለያ ቁጥር አውጥቶ ካምፓኒው ድረገጽ ላይ ሲፈትሽ አልቀበልም አለው፣ በጣም ከፋው። ያገለገለ አንሎክድ (ለአንድ ካምፓኒ ያልታሰረ) አይፎን ገዛን፣ ቴክኖው አሁን ዋይፋይ ላይ ፊልም ማያ ሆኗል።

ከዛ ያደረግነው ይሄን ነው። አዲሶቹ ስልኮች ኢሲም ስላላቸው ፕላስቲክ ሲም ሳይቀየር ሁለተኛ መስመር ይጫናል፣ ከሶስቱም ኔትወርክ በነጻ ለሙከራ የሚሰጡ አሉ፣ ትልልቆቹም ከርካሾቹም፣ ቀኑ ይለያያል። አንዱን ጭኖ ስራ ሄደ፣ ማታ መጋዘን ነው የሚሰራው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ ብረት፣ ከዛ ሌላውን። ካርታው ላይ አንደኛ የነበረው መጋዘኑ ውስጥ ሞተ፣ እኔ ያልጠበቅኩት ነው የያዘለት። ሙከራውን ስታደርጉ በትልቁ ካምፓኒ ሲም ብቻ አትፈትኑ፣ መድረሱን ታውቃላችሁ እንጂ ወረፋውን አታውቁም፣ ራሱ የምትገዙትን ርካሽ ነው መሞከር፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት። ደህና ሲሆን ለአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፣ የዓመቱን ቀድማችሁ ክፈሉና ይቀንስላችኋል ሲሉ አትቸኩሉ፣ ሰፈር ትቀይሩ ይሆናል፣ ስራ ትቀይሩ ይሆናል፣ አዲስ ሰው ደሞ ሁለቱንም ይቀይራል።

ቁጥራችሁን ይዛችሁ ስትዛወሩ ከድሮው ካምፓኒ አካውንት ቁጥርና የማዛወሪያ ፒን ቀድማችሁ ተቀበሉ፣ ስምና ዚፕ ኮዱም በድሮው ላይ እንዳለው ይሁን። የድሮውን መስመር በራሳችሁ አትዝጉ፣ ቁጥሩ ሲዛወር ራሱ ይዘጋል፣ ቀድማችሁ ከዘጋችሁት ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል፣ ባንኩም ኡበሩም ኮድ የሚልኩት ደሞ እሱ ላይ ነው።